ኦሪጅናሉን በኪሎ፣ ኮፒውን በዶላር

የዓድዋ በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከፎቶው ሥር ድምፁን ቀድቷል። «ስሚማ፣ አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሻል አይደል? ይሄ ነገር ከጣሊያን ቢመጣልኝ ጠቅላላ ስንት እንደሚፈጅ ሂሳቡን አውጪልኝ። የዓድዋ ዕለት ካባ ለብሼ እሱን ይዤ ፎቶ መነሳት እፈልጋለሁ። ከዚያ ሳሎን እሰቅለዋለሁ።»

ፎቶው ላይ ያለው ጠመንጃ ነው። አሮጌ ይመስላል፣ ግን አዲስ ነው። ሰደፉ የሚያብረቀርቅ የለውዝ እንጨት፣ አፈሙዙ ረጅምና ወፍራም። ሬፕሊካ ይሉታል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃ ቅጂ፣ በዛሬ ማሽን የተሠራ፣ በድሮው ባሩድ የሚተኩስ። ዋጋው 1,700 ዶላር አካባቢ። በእኛ ብር ከ200 ሺህ በላይ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥዬ ግን ኤክሴል ከፈትኩ። ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ሰው «ሂሳብ አውጪልኝ» ሲለኝ እምቢ ማለት አልችልም። ያን ሂሳብ ስሠራ ያወቅሁት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ስለ ጠመንጃ መጻፍ ዛሬ በአገራችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብዙ ቤት ያዘነበት ነገር ነው። እኔም መሣሪያ ታጠቁ ልላችሁ አይደለም። የማወራው ከመቶ ዓመት በላይ ስላስቆጠሩ፣ ጥይታቸው እንኳ በገበያ ስለማይገኝ ብረቶችና በእነሱ ስም ስለሚሸጠው ኮፒ ነው።

ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ ነገር?

ጠመንጃ ድሮ ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዝ በኩል ነበር የሚገባው። ተኳሹ ባሩድ ይሰፍራል፣ እርሳስ ይጨምራል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። በ1860ዎቹና 70ዎቹ (በፈረንጆቹ) ይህ ተለወጠ። ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው አንድ ላይ በናስ ቀለህ ውስጥ ታሸጉ። ተኳሹ ከኋላ ከፍቶ አንዷን ጥይት ያጎርሳል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል። ባሩዱ ግን ያው ጥቁሩ ባሩድ ነው፤ ጨው ፔተር፣ ከሰልና ድኝ። አንዴ ሲተኮስ ጭሱ አገር ይሸፍናል።

ይሄ ዘመን አጭር ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ስታወጣ የዓለም ጦር ሠራዊት ሁሉ የያዘው መሣሪያ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ብንሆን «የቴክኖሎጂ ሾክ» ብለን እናልፈው ነበር። ትናንት ውድ የነበረው ጠመንጃ ዛሬ መጋዘን ያጣበበ ዕቃ ሆነ። ያ ዕቃ ታዲያ የት ሄደ? ከፊሉ ወደ እኛ መጣ።

ስሞቹን እናውቃቸዋለን። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ሰናድር የሚባለው ደግሞ የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲመጡ ይዘውት የመጡት እሱን ነበር። ረሚንግተንም አለ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ሲያሸንፍ፣ ከተማረከው መሣሪያ ውስጥ የረሚንግተን ሮሊንግ ብሎክ ጠመንጃ በብዛት ነበረበት። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን የላከልኝ ኮፒ የዚያ የሮሊንግ ብሎክ ነው! እሱ ግን የመረጠው ካውቦይ ፊልም ላይ ስላየው ነው።

ጥይቷ ራሷ ደግሞ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ሌላ ታሪክ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በአንዳንድ የአገራችን ገበያዎች የጥይት ቀለህ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ ታገለግል ነበር። አስቡት፣ ሽርፍራፊው ጥይት ነው። አይበሰብስም፣ ይቆጠራል፣ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። የገንዘብን ባሕርይ ለማስረዳት መምህራችን ሲጋራን ምሳሌ ከሚያደርጉልን ይሄን ቢነግሩን ኖሮ ክፍል አንተኛም ነበር።

ኮፒውን የሚሠራው ማን ነው?

አሁን ወደሚያስገርመው እንምጣ። በዓለም ላይ የእነዚህን ጠመንጃዎች ኮፒ በብዛት የሚሠራው ማን ይመስላችኋል? ጣሊያን። ሰሜን ጣሊያን ብሬሺያ ግዛት ውስጥ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የምትባል ከተማ አለች። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የጠመንጃ ሠሪዎች አገር ናት። ፔደርሶሊ በ1957፣ ኡበርቲ ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. እዚያው አካባቢ ተቋቋሙ። ገበያውን የከፈተላቸው አሜሪካ ነው። በ1961 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት ሊከበር ሲል አሜሪካኖቹ የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው ጦርነቱን በትርዒት መድገም ጀመሩ፤ ለዚያ መሣሪያ ፈለጉ። ኦሪጅናሉ ውድና ብርቅ ነበር። የጣሊያን ባለሙያ ደግሞ ሥራ ይፈልግ ነበር። ቀጥሎ የጣሊያን ካውቦይ ፊልሞች መጡ፣ ፍላጎቱ ጨመረ። በ1990 «ክዊግሊ ዳውን አንደር» የተባለው ፊልም ሲወጣ ደግሞ ሻርፕስ የተባለው የጎሽ አዳኞች ጠመንጃ ኮፒ ተፈላጊነቱ ናረ።

ብሬሺያ በዓድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር የታጠቀው ቬተርሊ ጠመንጃ ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወደቀው የጣሊያን ወታደር የያዘውን መሣሪያ የሠራ አካባቢ፣ ዛሬ የአሸናፊው ልጅ ልጅ ሳሎን የሚሰቅለውን ኮፒ ይሸጥለታል። እኔ በዚህ ጣሊያኖቹን አልወቅስም፤ ሙያቸውን ጠብቀው እንጀራ በልተውበታል። ሀሳቤ ወደኋላ ላይ ስለሚመጣው ስለ እኛ ነው።

ሂሳቡ

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፤ ዋጋ ሲደመር መላኪያ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የመጀመሪያው ወጥመድ «ሬፕሊካ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው ሬፕሊካ ከሆነ እንደ መጫወቻ ነው፣ ፈቃድ አይፈልግም ብሎ ያስባል። የአሜሪካ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ግን በዓመትና በጥይት ነው የሚለየው። በፈረንጆቹ 1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ «አንቲክ» ይባላል፣ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። በአፈሙዝ የሚጎርስ ኮፒም እንደዚያው። ነገር ግን ኮፒው በገበያ በቀላሉ የሚገኝ ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ ከሆነ፣ ቅርፁ የ1870 ቢሆንም በሕግ ፊት ትናንት እንደተሠራ ጠመንጃ ነው። የአክስቴ ልጅ የመረጠው 45-70 የሚባል ጥይት የሚጎርስ ነው። የጥይቱ ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ 45 የአፈሙዙ ስፋት፣ 70 ደግሞ የጥቁር ባሩዱ መጠን በግሬን። የአሜሪካ ጦር በ1873 ያወጣው ጥይት ነው፣ እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ስለዚህ ኮፒው ሙሉ በሙሉ ጦር መሣሪያ ነው።

ይህ ማለት ከጣሊያን በግል አዝዞ በፖስታ መቀበል የለም። ፈቃድ ያለው አስመጪ ወይም ነጋዴ ፎርም 6 የሚባለውን የማስገቢያ ፈቃድ ከአሜሪካ መንግሥት ማውጣት አለበት። ጣሊያንም መሣሪያ ከአገሯ ለማስወጣት የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። አስመጪው በረጅም ጠመንጃ ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይስ ታክስ ይከፍላል። ዕቃው ሲደርስ ገዢው ፎርም 4473 ሞልቶ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መግዛት አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። የየግዛቱ ሕግ ደግሞ ከዚህ በላይ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ነገር የምትፈልጉ ዘመዶች ካሏችሁ ይሄን አስተላልፉላቸው።

እዚህ ላይ የአንደኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ ትምህርት ጠቀመኝ። ፈቃድ፣ የወረቀት ሥራ፣ የማስጫኛ ክፍያ፣ እነዚህ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። አንድ ጠመንጃ ብታመጣም አምስት መቶ ብታመጣም ብዙ አይለያዩም። አስመጪው ለአምስት መቶ ያካፍለዋል፤ አንተ ብቻህን ትሸከመዋለህ። ስለዚህ «እዚያው አሜሪካ መጋዘን የገባውን ግዛ፣ ከጣሊያን ቀጥታ አዝዛለሁ የሚለውን እርሳው» አልኩት። ሲገዛም አፈሙዙ ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ ማኅተሞች እንዲያይ ነገርኩት። ጋርዶኔ ውስጥ የጣሊያን መንግሥት የመሣሪያ መፈተሻ ቤት አለ፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ ከተፈተሸ በኋላ ማኅተምና የተፈተሸበትን ዓመት የሚያሳይ የፊደል ምልክት ይመታበታል። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል ፊደሉ እውነቱን ይናገራል።

የሰዎች ሂሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ያለውን ይረሳል። ጥይቱ አንዱ ሁለት ዶላር አካባቢ ነው። ጥቁር ባሩድ እንደ ፈንጂ ስለሚቆጠር በተራ ፖስታ አይላክም፣ የአደገኛ ዕቃ መላኪያ ይከፈልበታል። ከተኮሱ በኋላ ደግሞ የባሩዱ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ በዚያው ቀን ካልታጠበ አፈሙዙን ዝገት ይበላዋል። የአክስቴ ልጅ መኪናውን እንኳ በወር አንዴ ነው የሚያጥበው።

«እሺ፣ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ብመጣስ?» አለኝ። እዚህ ላይ በቁጣ ነው የመለስኩለት። አይሞከርም! ከአሜሪካ ለማስወጣት የወጪ ፈቃድ ይፈልጋል። እኛ ጋ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ወንጀል ነው። ቦሌ ላይ «ኮፒ ነው እኮ» ብሎ የሚያስረዳ ሰው አልቀናበትም። ቢፈቀድ እንኳ በዕቃው ዋጋ፣ በመላኪያውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ ቀረጥ፣ በቀረጡ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዚያ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፤ ታክስ በታክስ ላይ እየተደራረበ ነው የሚሄደው። ዶላሩ ራሱ ከሐምሌ 2016ቱ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

አንድ ገጣሚና አንድ ንጉሥ

ሂሳቡን ስሠራ አንድ የድሮ አስመጪ ትዝ አለኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኖ ሐረር እንደኖረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ1885 እ.ኤ.አ. ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ ለመሸጥ ተነሳ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሂሳቡን አስቀምጦታል፤ ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ጊዜያቸው ያለፈ አሮጌዎች ናቸው፣ ቤልጅየም ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገኛሉ፣ ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። አምስት እጥፍ። በወረቀት ላይ እንዴት ያማረ ትርፍ!

ከዚያ እውነታው መጣ። ታጁራ ላይ በፈቃድና በግመል ችግር አንድ ዓመት ገደማ ተቀመጠ። የንግድ ሸሪኩ ሞተበት። በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ተመልሰዋል፣ ከዚያም መሣሪያ አግኝተዋል፣ የቀረበላቸው ዕቃ ምን ያህል እንደሚያወጣም አሳምረው ያውቃሉ። ዋጋውን አወረዱት፣ የሟቹን ሸሪክ ዕዳ ቀነሱበት፣ ክፍያውንም ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከሰርኩ ብሎ ለፈረንሳይ ቆንስላ አቤት አለ።

ይህን ታሪክ የምወደው ንጉሡ የተታለሉበት ስላልሆነ ነው። አውሮፓ ያረጀባትን ብረት በአምስት እጥፍ ልትሸጥላቸው መጣች። እሳቸው የሚገዙትን ዕቃ አወቁ፣ ዋጋውን አወቁ፣ ተከራከሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መሣሪያው ብቻውን አላሸነፈም፣ ግን ዕውቀት ያለው ገዢ ባይኖር መሣሪያውም በወጉ ባልተሰበሰበ ነበር።

ከዚያ አጎቴ ደወሉ

ለአክስቴ ልጅ ሂሳቡን በላክሁ በሳምንቱ መንዝ ያሉት አጎቴ ደወሉልኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አንድ ሰው መጥቶ የአባቴን ውጅግራ አርባ ሺህ ብር ልግዛህ አለኝ። ምን ትያለሽ?»

ያ ጠመንጃ የቅድመ አያቴ ነው። ልጅ ሆኜ አንዴ አይቼዋለሁ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ጥይት የለውም፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ተኩሶ አያውቅም። አጎቴን «ለምንድን ነው የሚፈልገው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ፣ ለብረቱ ይሆናል» አሉኝ።

ለብረቱ አይደለም። ማታውኑ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ «ከኢትዮጵያ የመጣ» ተብለው የሚሸጡ ጠመንጃዎች አሉ። ውጅግራ አለ፣ ቬተርሊ አለ፣ የአንበሳ ምልክት ያለባቸው የኋለኛው ዘመን ማውዘሮችም አሉ። አንዳንዶቹ ልክ እንደ ቅድመ አያቴ ጠመንጃ ሰደፋቸው በጠፍር የተጠገነ ነው። የማን እንደነበሩ፣ የት እንደዋሉ፣ ማን እንደጠገናቸው የሚል አንድ ቃል የለም። ደረጃ ወጥቶላቸዋል፤ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ለመለዋወጫ። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው።

እስኪ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጣሊያን የሠራው ኮፒ 1,700 ዶላር። ኦሪጅናሉ፣ ምናልባት ዓድዋ የዋለው፣ ጥቂት መቶ ዶላር። አጎቴ ደጃፍ ላይ ደግሞ አርባ ሺህ ብር። አንድ ቤተሰብ ነን። አንዱ ጫፋችን ኦሪጅናሉን ሊሸጥ፣ ሌላው ጫፋችን ኮፒውን ሊገዛ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ምክር የጠየቁት እኔን ነው።

ገበያው ነው፣ ምን ይደረግ?

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለኝ። «ገበሬው ገንዘብ አገኘ፣ ፈረንጁ ዕቃ አገኘ፣ ሁለቱም ፈቅደው ተገበያዩ። አንቺ ምን አገባሽ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሦስት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ገበያ በትክክል የሚሠራው ሻጩም ገዢውም ዕቃውን ሲያውቁት ነው። አጎቴ «ለብረቱ ይሆናል» ብለው ነው የሚሸጡት። ገዢው ግን ምን እንደያዘ ያውቃል። ምኒልክ ራምቦን ያሸነፉበትን ዕውቀት ነው እኛ ያጣነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ዕቃ ድጋሚ አይመረትም። ቡና ብንሸጥ ከርሞ ሌላ ቡና አለ። የ1874 ጠመንጃ ግን አቅርቦቱ ተቆርጧል። ጋርዶኔ ሺህ ኮፒ ቢሠራ አንዷንም የመንዝ ጠፍር አያስርላትም።

ሦስተኛ፣ ሕጉም ዝም አላለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ መያዝ እንደሚችል፣ ነገር ግን ማስመዝገብና መጠበቅ እንዳለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት እንደማይቻል ይናገራል።

ታዲያ አጎቴ ለምን አያስመዘግቡም? ጠየቅኋቸው። «ይወስዱብኛል» አሉ። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ለአጎቴ ያ ዕቃ ጠመንጃ ነው፣ ጠመንጃ ደግሞ በመሣሪያ አዋጁ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ለሙዚየም ሰው ቅርስ ነው። ሁለት አዋጅ፣ ሁለት በር። አጎቴ የትኛውን ያንኳኩ? ስለፈሩ ደብቀውታል። የተደበቀ ዕቃ ደግሞ የሚገዛው ተደብቆ የሚመጣ ሰው ነው፣ እሱም የሚከፍለው የፍርሃት ዋጋ ነው። ከገበያው ዋጋ ላይ ፍርሃቱ ሲቀነስ አርባ ሺህ ብር ይመጣል።

እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም፣ ግን የሚመስለኝን ልናገር። የጥቁር ባሩድ ዘመን ጠመንጃዎች፣ ማለትም ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ረሚንግተንና ቬተርሊ፣ ለብቻቸው የሚመዘገቡበት አንድ መስኮት ቢከፈት። ፖሊሱም የቅርስ ባለሙያውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። መሣሪያው እንዳይተኩስ፣ ግን እንዳይበላሽ ተደርጎ ይመዝገብ፤ ፎቶው፣ ቁጥሩና የቤተሰቡ ታሪክ ይያዝ፤ ከዚያ ለባለቤቱ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶ ቤቱ ይቀመጥ። መሸጥ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ለአገር ሙዚየም ያቅርብ፣ ተገቢው ዋጋ ይከፈለው። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ አለን። ዕቃውን ያቆዩት ገበሬዎች ከዚያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ቢጻፍ ምን ይለዋል?

«አገሪቱ በመሣሪያ እየታመሰች ሰው ቤት ጠመንጃ ይቀመጥ ትያለሽ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ያልተመዘገበው ነው የሚያሰጋው። ጥይት የሌለውና መተኮሻው የታሰረ፣ መንግሥት ቁጥሩን የያዘው አሮጌ ብረት ማንንም አይገድልም። የተደበቀው ግን የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

ለፊልምና ለበዓል ትርዒትም ቢሆን የሚተኩስ ኮፒ በዶላር ማስገባት አያስፈልገንም። ፎቶ ላይ የሚያምር፣ ጭራሽ የማይተኩስ አምሳያ የእኛ እንጨትና ብረት ሠራተኞች ይሠሩታል። በመቶ የሚቆጠር ትዕዛዝ ብቻ ስጧቸው።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ስልክ አላችሁ። ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ አያታችሁን ስለ ጠመንጃው ጠይቋቸው፤ የማን ነበር፣ የት ዋለ፣ ማን ጠገነው። ድምፃቸውን ቅዱ። ግን አደራ፣ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት። የማን ቤት ምን እንዳለ ለገዢውም ለሌባውም መጠቆም ይሆናል። ለራሳችሁ አስቀምጡት። ዕቃው ቢጠፋ እንኳ ታሪኩ አብሮ አይጥፋ።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ኮፒውን አልገዛም። እኔ ነኝ ያስተውኩት፣ ትንሽ እኮራለሁ። በምትኩ እዚያው አሜሪካ «ከኢትዮጵያ የመጣ» የተባለ ውጅግራ በ600 ዶላር ገዛ። ከ1898 በፊት የተሠራ ስለሆነ የማስገቢያ ፎርምም፣ የማጣሪያ ወረቀትም አላስፈለገውም። በጠፍር የታሰረ ሰደፍ አለው። ለማን እንደነበር አያውቅም፤ መጽሐፍ እያነበበ ነው።

ፎቶውን ለአጎቴ አሳየኋቸው፣ አዲስ አበባ ለሕክምና መጥተው ነበር። ስልኬን አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ይሄ አጠማመድ የእኛ አገር ነው» አሉ ጠፍሩን በጣታቸው እየነኩ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቁኝ። በብር አስልቼ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ።

«ታዲያ እኔን በግማሽ ሊገዛኝ ነበር?» አሉኝ።

ጠመንጃው እስከ አሁን መንዝ ነው። አልተሸጠም። አልተመዘገበምም።